ወፍ ተመልካች መንገደኛና ለንግድ የሚሰጠው ጥቅም

ለንግድ ሰው ዕቃ ማለት ከመጋዘን ወጥቶ፣ ተመዝኖ፣ ታሽጎና ተጭኖ ለገዢው የሚደርስ ነገር ነው። ቡናም ሰሊጥም ቆዳም የሚሸጡት በዚሁ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ከቦታው ሳይነሣና ሳይመዘን የሚሸጥ፣ ገዢው ራሱ ከሩቅ አገር መጥቶ በዐይኑ ብቻ ዐይቶት ዋጋውን ከፍሎ የሚሄድ፣ በሚመጣውም ዓመት ለሌላ ገዢ እንደገና የሚሸጥ ሀብት በዓለም ገበያ አለ። ይኸውም የዱር አእዋፍና የዱር አራዊት ነው። ይህ ጽሑፍ ወፍና አራዊት ለማየት ሲል ዓለምን ስለሚዞረው መንገደኛ ጠባይ፣ ሌሎች አገሮች ከእርሱ ስላገኙት ጥቅም፣ በአገራችንም ንግዱ እንዲጸና መደረግ ስለሚገባው ነገር ለክቡራን አንባቢያን በአጭሩ ያስረዳል። የተጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ይህ መንገደኛ አዳኝ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። በቀድሞው ዘመን ብዙ የውጭ አገር ሰው አውሬ ለመግደል ጠመንጃ ይዞ ወደ አፍሪካ ይመጣ ነበር። የአሁኑ ተመልካች ግን የሩቅ ማያ መነጽር በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ የወፎች ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ በቦርሳው ይዞ ይመጣል። ነጋዴ ገቢና ወጪውን እንደሚመዘግብ ሁሉ እርሱም ያየውን ወፍ ከነስሙ፣ ከነቀኑና ከነቦታው በመዝገቡ ያሰፍራል። በዓለም ላይ የሚገኙት የወፍ ዐይነቶች ወደ 11 ሺህ ስለሚጠጉ፣ መዝገቡ በአንድ ሰው ዕድሜ ተሞልቶ የሚያልቅ አይደለም። በ2016 የአሜሪካ መንግሥት ባስደረገው ጥናት በዚያ አገር ብቻ 45 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወፍ ተመልካቾች መሆናቸው ታውቋል። ከነዚህም ውስጥ 16 ሚሊዮን የሚሆኑት ለዚሁ ሲሉ ከመኖሪያቸው ርቀው የሚጓዙ ነበሩ።

ይህ ፍላጎት ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ ለመረዳት የወይዘሮ ፊቢ ስኔትሲንገርን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። እኚህ አሜሪካዊት በ1931 የተወለዱ ሲሆን፣ አባታቸው ሊዮ በርኔት በማስታወቂያ ሥራ ስማቸው እጅግ የታወቀ የንግድ ሰው ነበሩ። በ1981 ሐኪሞች የቆዳ ካንሰር አገኙባቸውና የቀራቸው ዕድሜ ከአንድ ዓመት እንደማይበልጥ ነገሯቸው። ወይዘሮ ፊቢ ግን ወፍ መመልከትን ቀድሞም ይወዱ ስለ ነበር፣ በቤት ተቀምጠው ሞትን ከመጠበቅ ይልቅ ሻንጣቸውን አሰናድተው መንገድ ጀመሩ። ሐኪሞቹ ከገመቱት ዘመን እጅግ አልፈው 18 ዓመት ያህል ኖሩ፤ በ1995 ከስምንት ሺህ በላይ የወፍ ዐይነት በማየት ከሰው ሁሉ የመጀመሪያዋ ለመሆን በቁ። በ1999 ማዳጋስካር ውስጥ ወፍ ለማየት ሲጓዙ በመኪና አደጋ ሞቱ። ደግሞም ኖኣ ስትራይከር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በ2015 ዓመቱን ሙሉ በ41 አገሮች ተዘዋውሮ 6,042 የወፍ ዐይነት አይቶአል። እነዚህ ሁለቱ ከሌሎች ሁሉ የላቁ ቢሆኑም፣ በየዓመቱ በመጠኑ የሚጓዘው ተመልካች የሚመራው በዚሁ ፍቅር ነው።

የንግድ ሰው ከዚህ ሊያስተውለው የሚገባው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሸሚዝ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ነጩ ከጠፋ ሰማያዊውን ሊወስድ ይችላል። ወፍ ተመልካች ግን ያልተመዘገበለትን አንድ ወፍ ፈልጎ ሲመጣ፣ በእርሱ ፈንታ ሌላ ቢያሳዩት አይወስድም። ወፉ ባለበት ቦታ መንገዱ ቢረዝምም፣ አልጋው ቢጐረብጥም ይታገሣል፤ ወፉ ከሌለ ግን ያማረ ሆቴል ቢሠራለትም አይመጣም። እንግዲህ በዚህ ንግድ ዋናው ገንዘብ ሆቴሉ ወይም መኪናው ሳይሆን፣ ወፉና ወፉ የሚኖርበት ቦታ ነው።

ይህን ቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ በደቡብ አሜሪካ በኤኳዶር አገር ሚንዶ በተባለ አውራጃ የሚኖረው ገበሬ አንኸል ፓስ ነው። በመሬቱ ላይ ባለው ጫካ ከሰው እጅግ የሚሸሽ፣ በጥቅጥቅ ጥላ ውስጥ በምድር ላይ እየተራመደ የሚኖር አንድ ወፍ ነበር። ተመልካቾች ይህን ወፍ ለማየት ብዙ ቀን ደክመው ሳያዩት ይመለሱ ነበር። አንኸል ፓስ በትዕግሥት በየማለዳው የምድር ትል እየሰጠ አንዲቱን ወፍ አለመዳት፤ ስሟንም ማሪያ ብሎ አወጣላት። ማሪያ ስትጠራ ከጫካው ብቅ ማለት በጀመረች ጊዜ ወሬው ከአገር አገር ተሰማ፤ ተመልካቾችም ከየዓለሙ ዳርቻ እየከፈሉ ይመጡ ጀመር። ዛፍ ይቈርጥ የነበረው ሰው ዛፉን ጠባቂ ሆነ፤ ቤተ ሰቡም ከዚሁ ይኖራል። መነሻ ካፒታሉ ትዕግሥትና ትል ብቻ እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጎረቤታችን ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። የሩዋንዳ መንግሥት የተራራ ጎሪላ ለማየት የሚከፈለውን የፈቃድ ዋጋ በ2017 ከ750 ወደ 1,500 የአሜሪካ ዶላር ከፍ አደረገው። አንድ ጎብኚ ለዚህ ክፍያ ከጎሪላዎቹ አጠገብ የሚቆየው አንድ ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ በቀን አንዱን የጎሪላ ቤተ ሰብ የሚጎበኙትም ከስምንት አይበልጡም። በዚያው ዓመት በፓርኮቹ አቅራቢያ ለሚኖረው ሕዝብ ከፓርኮቹ ገቢ የሚሰጠው ድርሻ ከመቶ አምስት ወደ ዐሥር እንዲያድግ ተወሰነ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከተራራው ሥር የሚኖረው ገበሬ ከጎሪላው ጥቅም ካላገኘ፣ ለጎሪላው ዘብ የሚቆምበት ምክንያት አይኖረውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዐይነቶች መታየታቸው ተመዝግቦአል። ከነዚህም አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ ብቻ፣ ወይም በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙ ስለ ሆኑ፣ መዝገቡን ሊሞላ የሚፈልግ ተመልካች ወደዚህ ከመምጣት ሌላ ምርጫ የለውም። የአዲስ አበባ ነዋሪ በማለዳ በጩኸቱ የሚቀሰቅሰውን ጋጋኖ ከቁም ነገር ባይቈጥረውም፣ ከለንደን ወይም ከአምስተርዳም የመጣው እንግዳ ግን ሻንጣውን ሳይፈታ በሆቴሉ ሣር ላይ እርሱን ሲያይ ደስታው ወሰን የለውም።

ከከተማ ርቆ የሚገኘው ሀብት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለ ጣሊያናዊ ተጓዥ በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ዝሆን ገደለው። ከዕቃው መካከል ለሳይንስ ሰዎች አዲስ የሆነ ያማረ ሶሪት ተገኘ፤ ከየት እንደ ተወሰደ የሚገልጽ ጽሑፍ ግን አልነበረበትም። ወፉ እንደገና እስኪገኝ ድረስ እስከ 1940ዎቹ ቈየ፤ ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራል። በያቤሎ፣ በሜጋና በአረሮ አካባቢ የሚኖረው፣ በዐይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው ግራጫ ቁራ በ1938 ለሳይንስ የታወቀ ሲሆን፣ ከዚያች ጠባብ አገር ውጭ በዓለም ላይ አይገኝም። በባሌ ተራሮች የደጋ አጋዘንና ቀይ ቀበሮ ይታያሉ። የቀይ ቀበሮ ቍጥር በጠቅላላው ከ500 በታች ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው በባሌ ነው። የሰሜን ተራሮች በ1978፣ የባሌ ተራሮች ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በአርባ ምንጭ አቅራቢያ ባለው በነጭ ሳር የሆነው ነው። በ1990 ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ መኪና የጨፈለቀው አንድ ወፍ አግኝተው፣ ሳይበላሽ የቀረውን አንዱን ክንፍ ብቻ ይዘው ሄዱ። ክንፉ ከታወቁት ወፎች ከአንዱም ጋር ሊገጥም ስላልቻለ በ1995 አዲስ ስም ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱን በሕይወት ለማየት ሲሉ ከደቡብ አፍሪካ ድረስ የመጡ ተመልካቾች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ስለ ፍለጋው መጽሐፍ ጽፎአል። አንድ ክንፍ ብቻ እንግዳን ከዚያ ድረስ ከሳበ፣ ሙሉው ሀብታችን ምን ያህል ሊስብ እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይገምት።

ይሁን እንጂ ሀብት መኖሩ ብቻ ገቢ አይሆንም፤ «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆንብን ለደንበኛው የሚስማማውን ማሰናዳት ያስፈልጋል። ይህ ጸሐፊ በሚሠራበት የንግድ ቤት ቡና የሚገዛ አንድ የውጭ አገር ደንበኛ፣ ስለ ጭነት በጻፈው ደብዳቤ የመጨረሻ መስመር ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሮ ነበር። ጥያቄውም በያቤሎ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ቁርስ የሚያቀርብ ሆቴል ይገኝ እንደ ሆነ የሚል ነበር። ስለ አልጋው ልስላሴም ሆነ ስለ ክፍሉ ስፋት አንዳች አልጠየቀም። ከዚህ እንደምንረዳው ወፍ የሚታየው ጎሕ ሲቀድ ስለ ሆነ፣ ይህ ደንበኛ የሚፈልገው ቁርሱን በጊዜው የሚያሰናዳለት ወይም ቋጥሮ የሚሰጠው ሆቴል፣ ሳይቸኩል ቀስ ብሎ የሚነዳ ሾፌር፣ የወፉን ድምፅና ማደሪያ የሚያውቅ የአገሬው መሪ፣ አስቀድሞ የተነገረና በመንገድ ላይ የማይለወጥ ዋጋ ነው። የጉዞ ወኪሎችም መነጽርና የፎቶግራፍ መሣሪያ ስለሚገባበት ሥርዓት እንግዳው ከአገሩ ሳይነሣ ሊያስታውቁት ይገባል። ነዳጅ፣ ውሃ፣ ዳቦ፣ ማርና የተፈጨ ቡና የሚሸጠው የትንሽ ከተማ ባለ ሱቅም የዚህ ንግድ ተካፋይ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ይህ ሀብት በየዓመቱ ወለድ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ዋናው እየተነካ መሆኑን መሸሸግ አይቻልም። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የአቢጃታ ሐይቅ ወደ እርሱ የሚገቡት ወንዞች ለመስኖ በመጠለፋቸው፣ ከራሱም ውሃ ለሶዳ አሽ ምርት በመሳቡ ዳርቻው እጅግ ሸሽቶአል፤ ዓሣውም አልቆአል። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ እየሠሩ በአቢጃታ ዓሣ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን በሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገድደዋል። ሐይቁን ለማየት ይመጣ የነበረ እንግዳ የሚያድርበት ሆቴልም ኪሳራው ይደርስበታል።

ከዚህም የሚብስ በነገሌ ቦረና አጠገብ ባለው በሊበን ሜዳ አለ። በ1968 በዚያ ሜዳ የተገኘች አንዲት ትንሽ የሣር ወፍ ከዓለም ለመጥፋት ከተቃረቡት አእዋፍ አንዷ ናት። የምትኖረው በረጅም ሣር ውስጥ ሲሆን፣ ሜዳው በከፊል ታርሶአል፤ ቍጥቋጦ ወርሶታል፤ የቀረውም ከመጠን በላይ ተግጦአል። የከብትና የሥጋ ላኪዎች ይህን የወፍ ጉዳይ ብቻ አድርገው እንዳይመለከቱት እናሳስባለን። የቦረና በሬ የሚሰባው ወፏ እንቍላሏን በምትጥልበት በዚያው ሣር ነው፤ ሣሩ ሲጠፋ ወፏም በሬውም አብረው ይከሳሉ። የአገሩ አርብቶ አደሮች ይህን ተረድተው ቍጥቋጦውን በመመንጠርና ካሎ የሚባለውን የጋራ ክልል በማጠር ሣሩ እንዲያገግም ማድረግ ጀምረዋል፤ በታጠረውም ስፍራ ሣሩና ወፏ ተመልሰው ታይተዋል። በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ ረዳት ሆኖአል። እንዲህ ያለውን ሥራ መርዳት ምጽዋት ሳይሆን የራስን ካፒታል መጠበቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰላም ያስፈልጋል። በ2020 በዓለም ላይ የወረደው ወረርሽኝና ከዚያው ዓመት ጀምሮ በአገራችን የደረሰው ጦርነት ጎብኚውን ምን ያህል እንዳራቀው ሆቴል ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ወፍ ተመልካች በአልጋ ጉድለት አይቀርም፤ መንገዱ የሚያሰጋ ከሆነ ግን ይቀራል።

እንግዲህ ለክቡራን ነጋዴዎች የምናቀርበው አሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በየአካባቢው ወፉን የሚያውቁ ወጣቶች በመሪነት ሠልጥነው ደመወዛቸው በወቅቱ ይከፈላቸው። ሁለተኛ፣ ከእንግዳው ከሚገኘው ገንዘብ ሣሩን፣ ደኑንና ሐይቁን ለሚጠብቀው የአገሬው ሕዝብ የተወሰነ ድርሻ ይመደብ። ሦስተኛ፣ በሐይቅ ዳር፣ በደን ወይም በግጦሽ መሬት ላይ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ሁሉ፣ በሒሳቡ መዝገብ ላይ ከሚያገኘው ትርፍ ጎን ለጎን የሚያጠፋውንም ሀብት ይጻፍ። ቡና አንድ ዓመት ቢከሽፍ በሚመጣው ዓመት ያፈራል፤ ዘሩ የጠፋ ወፍ ግን ከየትም አገር ሊታዘዝ አይችልም።