ልጅን ለግል ትምህርት ቤት ከማስመዝገብ በፊት

ሰኔ ገብቶ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ሲዘጉ፣ በብዙ ቤት ውስጥ ሌላ የሐሳብ በር ይከፈታል። አባት ደመወዙን ደጋግሞ ይቈጥራል፤ እናት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቶቿን ታማክራለች፤ «ልጆቻችንን የት እናስመዝግብ?» የሚለው ጥያቄ እስከ ጳጉሜን ድረስ ከማዕድ አይነሣም። ቀድሞ ሰው ልጁን የሚድርበትን ቤት ዘርና ጠባይ ይጠይቅ እንደ ነበረ፣ ዛሬም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚኖር ወላጅ የግል ትምህርት ቤት ሲመርጥ ብዙ ይጠይቃል። ነገር ግን እንዳየነው ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የሕንፃው ውበትና የወር ክፍያው ልክ ብቻ ነው። ልጁ በዚያ ቤት ምን እንደሚማር፣ ቤተ ሰቡም ሸክሙን እስከ መጨረሻው ለመሸከም መቻሉን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው ነው።

በቅርብ የምናውቀው አንድ ቤተ ሰብ አለ። አባት የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እናት እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የበኵር ልጃቸው አንደኛ ክፍል የምትገባበት ዓመት በደረሰ ጊዜ፣ የጎረቤት ልጆች የሚሄዱበትን ትምህርት ቤት መረጡላት። ምክንያታቸውም ሁለት ነበር፤ አንደኛ፣ ሕንፃው ባለ ፎቅ ነው፤ ሁለተኛ፣ የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች በመንገድ ላይ በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ይሰማሉ። የመመዝገቢያውን ገንዘብ ከዕቁብ በደረሳቸው ዕጣ ከፈሉ። መስከረም ሲጠባ የደንብ ልብሱ፣ የመጻሕፍቱና የመኪናው ሒሳብ ተራ በተራ መጣ። እስከ ጥር ድረስ በብድር ተንገዳግደው ዘለቁ፤ በየካቲት ግን የወሩን ክፍያ ሳይከፍሉ ቀሩ።

አንድ ቀን ማታ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ተመልሳ እራቷን አልበላም አለች። ቢጠይቋት፣ ባልንጀሮቿ ክፍል ገብተው ሲማሩ እርሷ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ እንድትቆይ ተደርጋ ኖሯል። «አባዬ፣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» ስትል ጠየቀችው። አባትየው ይህን ሲነግረን እንባው ዓይኑን ሞልቶት ነበር።

ሕፃን በወላጁ ዕዳ መቀጣቱ ነውር መሆኑን ሳንናገር አናልፍም። ይሁን እንጂ ይህን ያነሣነው ያንን ትምህርት ቤት ለመክሰስ አይደለም። ወላጆቹ ከመፈረማቸው አስቀድሞ ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች ነበሩ፤ እነዚያን ለአንባቢዎቻችን ለማስታወስ እንወዳለን።

ከሁሉ በፊት ነገሩ ከየት እንደ መጣ ማሰብ ይጠቅማል። አባቶቻችን ልጅን ለየኔታ ሲሰጡ የመመዝገቢያ ክፍያ የሚባል ነገር አልነበረም። የቆሎ ተማሪው ለምዱን ደርቦ፣ ቁራሽ ለምኖ ይማር ነበር፤ ያስተማረው መንደሩ በሙሉ ነው ማለት ይቻላል። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፍቶ ከግብፅ የመጡ መምህራን ማስተማር ጀመሩ። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ከመንግሥቱ ጎን የሚስዮንና የግል ትምህርት ቤቶች እየተጨመሩ ሄዱ። በደርግ ጊዜ፣ በ1968 ዓ.ም. ገደማ፣ የግል ትምህርት ቤቶች በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ሆኑ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ግን ባለ ሀብቶች በትምህርት ሥራ እንዲሰማሩ በሩ እንደ ገና ተከፈተ።

ስለዚህ የግል ትምህርት ቤት አገልግሎትም ነው፤ ንግድም ነው። ይህን ያላስተዋለ ወላጅ በሁለት ወገን ይሳሳታል። አገልግሎቱን ብቻ ያየ፣ ውሉን ሳያነብ ይፈርማል፤ ንግዱን ብቻ ያየ ደግሞ፣ ገንዘቡን በመክፈሉ የወላጅነት ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል። የምንናገረው ምክር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ስሕተቶች ለመጠበቅ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ፈቃድ ነው። ማንኛውም የግል ትምህርት ቤት ለሚያስተምርበት እርከን ከተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። መዋዕለ ሕፃናት ለመክፈት የተፈቀደለት ሁሉ አንደኛ ደረጃ እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ያለ ፈቃድ በሚያስተምር ቤት የቆየ ልጅ፣ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር ሰነዱ ተቀባይነት እንዳያጣ ያሰጋል። ከዚህም ሌላ፣ ትምህርት ቤቶች በግብዓታቸው፣ በሥራ ሒደታቸውና በውጤታቸው እየተመረመሩ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። 3 የደረሰ የሚጠበቅበትን መለኪያ ያሟላ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ገና የሚጐድለው አለ። «ስንተኛ ደረጃ ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥሩ ትምህርት ቤት ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይቈጣም።

ሁለተኛው የወጪው ነገር ነው። በማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው የወር ክፍያ የወጪው አንድ ወገን ብቻ ነው። የመመዝገቢያው፣ የመጻሕፍቱና የደብተሩ፣ የደንብ ልብሱ፣ የመኪናው፣ የምሳ ዕቃው፣ የሽርሽሩ፣ በመዋዕለ ሕፃናትም ቢሆን ለምረቃው ቀን የሚለበሰው ካባ ሳይቀር ይከተላል። እንግዲህ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ ሁሉንም ይጻፉ፤ ድምሩንም ለ12 ወር ያካፍሉት። ከዚያም የቤት ኪራይ፣ የቀለብና የሕክምና ተነሥቶ የሚተርፈው ይህን ይችል እንደ ሆነ ይመልከቱ። የመጀመሪያውን ክፍያ በብድር የሚከፍል ቤት፣ ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም ብድር መፈለጉ አይቀርም። ለልጅ ተብሎ የተገባ ዕዳ ተመልሶ የሚከብደው በልጁ ላይ ነው፤ በዕዳ ምክንያት በቤት የሚነሣውን ጭቅጭቅ የሚሰማው እርሱ ነውና።

ከመፈረም በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ይጠየቁ። ልጁ በዓመቱ መካከል ቢወጣ የተከፈለው ይመለሳልን? ክፍያው ቢዘገይ ምን ይደረጋል? በወላጁ ላይ ነው የሚደረገው ወይስ በልጁ ላይ? በሚመጣው ዓመት ጭማሪ ቢታሰብ ለወላጆች መቼ ይነገራቸዋል? ትምህርት ቤቶች ዋጋ ለመጨመር ሲያስቡ ወላጆችን ሰብስበው ማወያየታቸው የተለመደ ነው። ወደዚህ ስብሰባ ሳይሄድ ቀርቶ፣ መስከረም ላይ በደጃፍ የሚያጕረመርም ወላጅ ብዙ ነው። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ካለፈ በኋላ የሚነገር ቃል ትርፉ ድካም ነው።

ሦስተኛው የትምህርቱ ነገር ነው። ሕንፃ አያስተምርም፤ የሚያስተምረው መምህር ነው። ስለዚህ መምህራኑ በዚያ ቤት ስንት ዓመት እንደሚቆዩ፣ በአንድ ክፍል ስንት ልጆች እንደሚቀመጡ ይጠየቅ። ቢቻል በዚያ የሚማር የጎረቤት ልጅ ደብተር ተገልጦ ይታይ፤ መምህሩ ያረመው ደብተር ከማስታወቂያው ይልቅ እውነቱን ይናገራል። በሪፖርት ካርድ ላይ የሚታየው ከፍተኛ ቍጥርም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ከተደረገ ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከመቶ 3.3፣ ከ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ ከ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ። ይህ ፈተና የመንግሥት፣ የግል ብሎ ሳይለይ ብዙዎችን ጥሏል። ካርዳቸው 90 ሲሞላ የኖሩ ልጆች በአንድ ቀን እንዲህ የወደቁት፣ ቍጥሩና ዕውቀቱ በመለያየታቸው ነው።

የቋንቋውም ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ1986ቱ ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ተወስኗል። ሆኖም ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከታችኛው ክፍል ጀምረው ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለመስጠት ይሽቀዳደማሉ፤ ወላጅም በዚህ ደስ ይለዋል። እንግሊዝኛ ማወቅ መልካም ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ነገር ግን ከአያቱ ጋር ለመነጋገር አስተርጓሚ የሚያስፈልገው፣ በቤት ያለውን ውዳሴ ማርያም አንሥቶ ማንበብ የማይችል ልጅ፣ አንዱን ቋንቋ አግኝቶ ሌላውን ያጣ ነው። ይህን ለመመርመር ምሁር መሆን አያስፈልግም። ልጁን አንድ ገጽ አማርኛ ያስነብቡት፤ የእንግሊዝኛውንም ገጽ አንብቦ በራሱ ቃል ያስረዳ። የሚያነበውን የማያስረዳ ከሆነ፣ የተማረው ድምፁን እንጂ ቋንቋውን አይደለም።

አራተኛው የሃይማኖቱ ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 90፣ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖት አስተምረው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ከዚህ የምንረዳው፣ የሃይማኖቱ ትምህርት የወላጅ ድርሻ እንጂ የመደበኛው ትምህርት ቤት ድርሻ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ «ብዙ ገንዘብ እየከፈልን ልጃችን አቡነ ዘበሰማያት እንኳ አያውቅም» የሚለው ወቀሳ የሚመለሰው ወደ ራሳችን ነው። መደበኛው ትምህርት ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰዓት የወላጅ ነው። ቅዳሜና እሑድን ሙሉ በሙሉ ለማጠናከሪያ ትምህርት የሰጠ ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን የተረፈው ጊዜ ምን ያህል እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

የጾሙንም ነገር አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ትምህርት ቤቱ ምሳ የሚያቀርብ ከሆነ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ መኖሩ ይጠየቅ። ምሳ ከቤት የሚሄድ ከሆነ ደግሞ፣ እናት በምሳ ዕቃው ሽሮና አትክልት ጨምራ ስትልክ ለልጇ ምክንያቱን በአጭር ቃል ትንገረው። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ በምግቡ አያፍርም፤ የሌላ እምነት ልጅ በሚበላውም አይዘብትም።

አምስተኛው የሰነድና የዕድሜ ነገር ነው። ለምዝገባ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የልደት የምስክር ወረቀት፣ የልጁ ጕርድ ፎቶግራፍ፣ ለሕፃናቱ የክትባት ካርድ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ለሚዛወረውም ያለፈው ዓመት ካርድና መሸኛ ነው። የልደት ወረቀት ያላወጣ ሰው በምዝገባው ሰሞን ተሰልፎ ከመጨነቅ ክረምቱ ሳይገባ ያውጣ። አንደኛ ክፍል የሚገባበት ዕድሜ 7 ዓመት ነው። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ቶሎ እንዲደርስ ሲሉ ዕድሜ ጨምረው ያስጽፋሉ። አንድ ጊዜ በሐሰት የተጻፈ ዕድሜ ልጁን እስከ መጨረሻው ይከተለዋል፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ፣ ልጁ በትምህርት ቤት ደጃፍ የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት ውሸት መሆኑ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንናገራለን። የግል ትምህርት ቤት ለመክፈል አለመቻል ኀፍረት አይደለም። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ምግብ፣ የደንብ ልብስና ደብተር ያለ ክፍያ መሰጠት ጀምሯል። ወላጁ ማታ ማታ ደብተሩን የሚያይለት የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ፣ ብዙ ተከፍሎለት ማንም ዞር ብሎ ከማያየው ልጅ የሚያንስበት ምክንያት የለም። ሰው ልጁን የሚያስተምረው ለልጁ እንጂ ለጎረቤት አይደለምና።

ያ ቤተ ሰብ በዚያ ዓመት ብዙ ተማረ። ያለባቸውን ከፍለው የልጃቸውን መሸኛ እስኪያወጡ ድረስ ክረምቱ አለፈ። በመስከረም ከሰፈራቸው ሳይርቅ፣ ክፍያው ከዐቅማቸው በማያልፍ ሌላ ትምህርት ቤት አስገቧት። ሕንፃው ባለ ፎቅ አይደለም፤ ለመኪናም የሚከፈል የለም፤ አባቷ ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ እጇን ይዞ ያደርሳታል። እናትየው ምጣዷን ካወረደች በኋላ ልጅቱን አጠገቧ አስቀምጣ ታስነብባታለች። በቅርቡ ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ልጅቱ መጽሐፏን ይዛ መጥታ፣ አንድ ገጽ አማርኛ ሳትሰናከል አነበበችልን፤ ቀጥሎም አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብባ ትርጕሙን ነገረችን። አባትየው ግን ያደመጠው ንባቡን ብቻ አልነበረም፤ «ዛሬ እራቷን እስከ መጨረሻው በላች» አለን።

ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ክረምት ልጆቻችሁን ስታስመዘግቡ ዐቅማችሁን ዕወቁ፤ ውሉን አንብቡ፤ መምህሩን ተዋወቁ፤ የቤቱንም ድርሻ ለራሳችሁ አስቀሩ። ልዑል እግዚአብሔር የልጆቻችንን አእምሮ ያብራልን፤ ለእኛም አስተዋይ ልቡና ይስጠን።