ከሩቅ ያለ ኮምፒውተርን በዘገምተኛ የሞባይል መስመር ስለ ማሠራት

በወረዳ የተሾመ ሰው በከተማ ያለውን ኮምፒውተር በሞባይል መስመር ከሩቅ ከፍቶ የማዳበሪያ መዝገብ ሲጽፍ፥ የመስመሩ መዘግየት ሊያሳስተው ይችላል። ቁልፉን ተጭኖ ውጤቱ በስክሪኑ እስኪታይ ሳይታገሥ ዳግመኛ ቢጫን፥ የአንዱ ገበሬ ድርሻ ሁለት ጊዜ ይጻፍና ሌላው በዘር ወራት ባዶ እጁን ይቀራል።

የመስመር ጥበትና የመስመር መዘግየት አንድ አይደሉም። መንገድ ቢሰፋ ብዙ ጭነት ያሳልፋል እንጂ የመልእክተኛውን ደርሶ መልስ አያሳጥርም።

ስለዚህ ለጥበቱ፥ በዊንዶውስ የሪሞት ዴስክቶፕ ማስተካከያ የጀርባውን ሥዕልና የመስኮቶቹን እንቅስቃሴ መዝጋት ይጠቅማል። ለመዘግየቱ ግን መድኃኒቱ ምልልሱን ማሳነስ ነው፤ ረጅሙን ጽሑፍ በራስ መሣሪያ አሰናድቶ በአንድ ጊዜ መለጠፍ፥ መልሱም ሳይታይ ሁለተኛ አለመጫን ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።