ሕፃናትን ለአካል እንቅስቃሴ ማነሣሣት፦ የመምህሩና የወላጁ አርአያነት

መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሀይሌ ጋርመንት በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተስፋፉት የከተማይቱ አካባቢዎች አንዱ ነው። ቀድሞ በፒያሳ አትክልት ተራ ይካሄድ የነበረው የአትክልትና ፍራፍሬ የጅምላ ንግድ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለጊዜው ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ መጣ። በዚህም ጃንሜዳ ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ፣ ማለትም ወደ ስፖርትና ወደ ጥምቀት በዓል ሜዳነቱ ሲመለስ፣ ሀይሌ ጋርመንት በበኩሉ የጭነት መኪናና የገበያተኛ መናኸሪያ ለመሆን በቃ።

እንዲህ ባለው አካባቢ የሚያድግ ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድም ሆነ ሲመለስ ሁለት ዓይነት አዋቂዎችን ያያል። አንደኛው የሽንኩርት ጆንያ ተሸክሞ ላቡን እያንጠፈጠፈ የሚመላለሰው ነው። ሁለተኛው ተቀምጦ የሚያዘው፣ በመኪና የሚመጣውና በመኪና የሚሄደው ነው። ሕፃኑ ከዚህ ትርኢት ማንም ሳይነግረው አንድ ትምህርት ይቀስማል፤ ይኸውም ሰውነትን ማንቀሳቀስ የችግረኛ ዕጣ፣ መቀመጥ ደግሞ የተከበረ ሰው ምልክት ነው የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የተሳሳተ ትምህርት ለማረም ከምክርና ከትእዛዝ ይልቅ የአዋቂው አርአያነት ለምን እንደሚበልጥ፣ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም በዚህ ረገድ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ማብራራት ነው።

1. ሕፃናት ምን ያህል መንቀሳቀስ ይገባቸዋል?

የአካል እንቅስቃሴ ሲባል በሜዳ ላይ የሚደረግ ውድድር ብቻ አይደለም። በእግር መሄድ፣ መሮጥ፣ ገመድ ዝላይ፣ አባሮሽ፣ ሰኞ ማክሰኞና የጨርቅ ኳስ ጨዋታ ሁሉ በዚሁ ይጠቃለላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል የልብን ምትና ትንፋሽን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ሊያደርጉ ይገባል። ከዚህም ሌላ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ያስፈልጋቸዋል።

ይሁን እንጂ የዓለም ወጣቶች ሁኔታ ከዚህ በጣም የራቀ ነው። ይኸው ድርጅት ከ146 አገሮች በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆኑት ተማሪዎች መካከል 81 ከመቶ የሚሆኑት የተባለውን መጠን አያሟሉም ነበር። የሴቶቹ ድርሻ 85 ከመቶ፣ የወንዶቹ ደግሞ 78 ከመቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ማድረግ ይጠቅማል። በቀን 60 ደቂቃ በሳምንት 420 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት የ40 ደቂቃ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ቢመድብና ተማሪዎቹ ሰዓቱን በሙሉ ሲንቀሳቀሱ ቢያሳልፉት እንኳ የሚገኘው 80 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ይህም ከሚያስፈልገው አንድ አምስተኛ አይሞላም። ስለዚህ ቀሪው ከክፍለ ጊዜው ውጭ፣ ማለትም በመንገድ፣ በዕረፍት ሰዓትና በቤት መገኘት አለበት። በእነዚህ ቦታዎች ደግሞ የሚያዝ መርሐ ትምህርት የለም፤ ሕፃኑን የሚመራው በዙሪያው ያሉት አዋቂዎች የሚያደርጉት ነገር ነው።

2. ማየትና መምሰል

ልጅ የወላጁን ጠባይ እንደሚወርስ አበው «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ሲሉ አስቀድመው አስገንዝበዋል። የሥነ ልቡና ሊቃውንትም ይህንኑ በሙከራ አረጋግጠዋል። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ባደረገው የታወቀ ሙከራ፣ አንድ አዋቂ በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ለብቻቸው በሆኑ ጊዜ ድርጊቱን፣ አልፎ አልፎም ቃሉን ጭምር፣ ደግመው ሲሠሩት ተስተውለዋል። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም፤ ማየታቸው ብቻ በቂ ሆነ።

ባንዱራ በኋላ እንዳብራራው፣ በማየት መማር አራት ደረጃዎች አሉት። ሕፃኑ በመጀመሪያ ድርጊቱን ልብ ብሎ ያያል፤ ቀጥሎ በአእምሮው ይይዘዋል፤ ከዚያ በገዛ ሰውነቱ ይሞክረዋል፤ በመጨረሻም እንዲቀጥልበት የሚገፋፋ ምክንያት ያገኛል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል አርአያነቱ ፍሬ አይሰጥም። ለምሳሌ ሲሮጥ ያየውን አስታውሶ ለመሮጥ የሚፈልግ ልጅ የሚሮጥበት ቦታ ቢያጣ፣ ወይም በሮጠ ቁጥር ቢገሠጽ፣ ያየው ነገር ምኞት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የአካል እንቅስቃሴን በሚመለከት ደግሞ በአሜሪካ ፍሬሚንግሃም የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ጥናት ተጠቃሽ ነው። ተመራማሪዎቹ ከ4 እስከ 7 ዓመት የሆኑ ሕፃናትንና ወላጆቻቸውን በእንቅስቃሴ መለኪያ መሣሪያ ተከታተሉ። ውጤቱም እንደሚያሳየው፣ የምትንቀሳቀስ እናት ያላቸው ሕፃናት ተንቀሳቃሽ የመሆን ዕድላቸው ከሌሎቹ 2 እጥፍ፣ የሚንቀሳቀስ አባት ያላቸው 3.5 እጥፍ፣ ሁለቱም ወላጆቻቸው የሚንቀሳቀሱ ደግሞ 5.8 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል።

3. የሩቅ አርአያና የቅርብ አርአያ

ኢትዮጵያ የሩቅ አርአያ ችግር የለባትም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ የአገሪቱ ስም ከሩጫ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ነገር ግን ሩጫን በቴሌቪዥን እያዩ በደስታ የሚጮኹ ቤተሰቦች ልጆች ከወንበር የማይነሡ ከሆነ፣ ነገሩ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንደሚባለው ይሆናል። ለዚህም የሩቁ አርአያ በምን መንገድ እንደሚሠራ መገንዘብ ያስፈልጋል።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1965 ዓ.ም. በአርሲ ተወለደ። ምሩፅ ይፍጠር በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ ወሬውን የሰማው በራዲዮ ነበር። ያ ድምፅ የልጁን ልብ አነሣሣ። እግሩን ያጠነከረው ግን በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ 10 ኪሎ ሜትር፣ ሲመለስም ሌላ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረው መንገድ ነው። የሩቁ አርአያ ፍላጎትን ፈጠረ፤ የዕለት ተዕለቱ ልማድ ፍላጎቱን ወደ ችሎታ ለወጠው። ዛሬ በከተማ ለሚያድገው ሕፃን የጀግኖቹ ዜና በብዛት ይደርሰዋል፤ የጎደለው ያ የዕለት መንገድ ነው።

የቅርብ አርአያን ኃይል ለማየት ደግሞ ከበቆጂ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። በዚያች የአርሲ ትንሽ ከተማ ስንታየሁ እሸቱ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ፤ በኋላም አሠልጣኝ ሆነዋል። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የሩጫ ሕይወታቸውን የጀመሩት በእኒህ መምህር ዓይን ሥር ነው። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ለበቆጂ ልጃገረዶች ድሉ የሩቅ ዜና ሳይሆን የጎረቤት ልጅ ሥራ ነበር። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሎምፒክ በዚሁ ርቀት እጅጋየሁ ዲባባ ሁለተኛ፣ የሥጋ ዘመዷ ደራርቱ ሦስተኛ ሆኑ። የእጅጋየሁ ታናሽ እኅቶች ጥሩነሽና ገንዘቤም በዚያው ጎዳና ተከተሉ። ከአንድ ቤተሰብ ይህን ያህል ሯጭ የወጣው በከፍታና በአየር ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ታናሺቱ ታላቂቱን እያየች በማደጓም ጭምር ነው።

እርግጥ የትምህርት ቤት ዓላማ ሁሉንም ተማሪ ሻምፒዮን ማድረግ አይደለም። ከበቆጂ የሚገኘው ትምህርት ግን ለሁሉም ይሠራል፤ ሕፃን የሚያውቀውን ሰው ሲያይ «እኔም እችላለሁ» ይላል።

4. በትምህርት ቤትና በቤት የሚታዩ ተቃራኒ አርአያዎች

አዋቂው ሳያስበው ጭምር እንቅስቃሴን የሚያስጠላ አርአያ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው ሩጫን ቅጣት ማድረግ ነው። ያረፈደውን ተማሪ «ሜዳውን አምስት ጊዜ ዙር» ብሎ ማዘዝ ቀላልና ጉዳት የሌለው ቅጣት ይመስላል። ነገር ግን ተማሪው ከዚህ የሚማረው ሩጫ የጥፋተኛ ዕዳ መሆኑን ነው። ንባብን ቅጣት ያደረገ መምህር አንባቢ እንደማያፈራ ሁሉ፣ ሩጫን ቅጣት ያደረገም ሯጭ አያፈራም።

ሁለተኛው በጥላ ሥር ተቀምጦ በፉጨት ማስተማር ነው። ተማሪዎቹ በፀሐይ ሲሮጡ መምህሩ ከወንበር ካልተነሣ፣ ሕፃኑ በገበያው ያየውን የተሸካሚና የአዛዥ ልዩነት በትምህርት ቤትም ያገኘዋል።

ሦስተኛው ፈተና ሲቃረብ የሰውነት ማጎልመሻን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ወይም ለሌላ ትምህርት መስጠት ነው። ይህም ትምህርቱ ሥራ ሲጠፋ የሚሠራ ትርፍ ነገር መሆኑን ይሰብካል።

አራተኛው በቤት የሚነገረው «አትሩጥ፣ ትወድቃለህ» እና «አርፈህ ተቀመጥ» ነው። ጨዋ ልጅ የሚባለው ጸጥ ብሎ የተቀመጠው በመሆኑ መንቀሳቀስ ከብልግና ይቆጠራል። በተለይ ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ የቤት ሥራ ስለሚጠብቃቸውና ጨዋታው ለወንዶች የተፈቀደ ስለሚመስል ጉዳቱ በእነርሱ ላይ ይበረታል።

5. ምን ማድረግ ይቻላል?

ለመምህራን፦

ሀ. የሁሉም ትምህርት መምህራን፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ብቻ ሳይሆኑ፣ በጠዋቱ የሰውነት ማፍታቻ ከተማሪዎቻቸው ጋር ተሰልፈው ቢሠሩ ይጠቅማል። የሒሳብ መምህሩ እጁን ሲዘረጋ ማየት ከብዙ ምክር ይበልጣል። መምህሩ በደንብ የማይችለውን እንቅስቃሴ መሞከሩም ክብሩን አይቀንስም፤ እንዲያውም መሳሳት እንደማያሳፍር ያሳያል።

ለ. ሴት መምህራን በገመድ ዝላይና በኳስ ጨዋታ መካፈላቸው ለልጃገረዶች ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ፈቃድ ነው።

ሐ. እንቅስቃሴን ቅጣት ማድረግ ጨርሶ ይቅር፤ ይልቁንም ለጥሩ ሥራ ሽልማት ይሁን።

መ. በወላጆች ስብሰባ ላይ አባትና እናት ከልጃቸው ጋር በሳምንት ጥቂት ጊዜ በእግር እንዲሄዱ ማግባባት ይገባል። ለዚህ ገንዘብም መሣሪያም አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ስለሚመክር፣ የጋራው ጉዞ ወላጁንም ይጠቅማል።

ለዕቅድ አውጪዎች፦

አርአያነት ቦታ ይፈልጋል። የሚያልፍ የጭነት መኪና በበዛበት አካባቢ ወላጅ ልጁን በእግር ለመላክ ቢፈራ ሊፈረድበት አይገባም። ስለሆነም የእግረኛ መንገድ፣ መሻገሪያና ጥቂት ክፍት ሜዳ በሰፈር ፕላን ውስጥ ከመማሪያ ክፍል እኩል መታሰብ አለባቸው። የትምህርት ቤት ግቢ ሲሰፋም አዲሱ ሕንፃ የጨዋታውን ሜዳ እንዳይውጠው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሜዳ በቅዳሜና በእሑድ በተቆጣጣሪ ለአካባቢው ቤተሰቦች ቢከፈት፣ አዲስ መሬት ሳያስፈልግ ሕፃናትና አዋቂዎች አብረው የሚጫወቱበት ስፍራ ይገኛል።

ይህም ሊሆን እንደሚችል ከተማይቱ ራሷ ምስክር ናት። በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሯጭ ያልሆኑ አዋቂዎችን በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው በአደባባይ እንዲሮጡ አድርጓል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የተመረጡ መንገዶችን ለተወሰነ ሰዓት ከተሽከርካሪ ነፃ አድርጎ ለሕዝብ እንቅስቃሴ መልቀቅ ተጀምሯል። በእነዚህ ዕለታት ሕፃኑ በሰፈሩ ያላየውን ያያል፤ ይኸውም የተከበረ ሰው ሸክም ሳይኖርበትና ማንም ሳያዝዘው፣ ወዶ ሲሮጥ ነው።

ማጠቃለያ

ሕፃናት እንዲንቀሳቀሱ የሚደረገው ጥረት ዋና ጠላት ስንፍና ሳይሆን፣ መቀመጥን ከክብር ጋር ያቆራኘው አመለካከት ነው። ይህ አመለካከት በንግግር አልተተከለም፤ በንግግርም አይነቀልም። በማየት እንደገባ በማየት ይወጣል። ስለዚህ በሀይሌ ጋርመንትም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ያለ መምህር ነገ ጠዋት ሊወስደው የሚችለው የመጀመሪያ እርምጃ መመሪያም በጀትም የሚጠብቅ አይደለም፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ሜዳው መውጣት ነው።