ፋሻ ብቻ መቀየር ይበቃል?

በኢትዮጵያ በተለምዶ «ቤላሩስ» እየተባለ የሚጠራውና እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሚንስክ ከተማ የተመረተው ኤምቲዜድ 80 ትራክተር ዲ-240 የተባለ ባለ 4 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ሲሆን፣ ይህ ሞተር አርጅቶ ዘይት መብላትና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ሲጀምር ባለንብረቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ፋሻ ብቻ ቢቀየር አይበቃም ወይ?» ብሎ ነው። ፋሻ በፒስተኑ ዙሪያ ባሉ ቦዮች ውስጥ ተቀምጦ የቃጠሎው ግፊት ወደ ታች፣ ዘይቱም ወደ ላይ እንዳያልፍ የሚያግድ የብረት ቀለበት ነው። ጥያቄው የስስት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ አንዳንድ ጊዜ ፋሻ ብቻ መቀየር በእርግጥ ይበቃልና። ይህን የሚወስነው ግን መለኪያ ነው።

ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች እኩል አይበላም። ይበልጥ የሚበላው የላይኛው ፋሻ ደርሶ በሚመለስበት፣ ሙቀትና ግፊት በሚበረታበት፣ ዘይትም በሚሳሳበት ቦታ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለውን ጠባብ ክፍል ፋሻ ስለማይነካው በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ እርከን ይፈጠራል። አሮጌው ፋሻ ጠርዙ አብሮ ስላለቀ ከእርከኑ ጋር አይጋጭም፤ አዲሱ ግን ሊመታው፣ ሊሰበርና ግድግዳውን ሊቧጥጥ ይችላል። የመበላቱን መጠን ለማወቅ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። አንድ ፋሻ ለብቻው ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ በፒስተን አናት እየተገፋ ከተስተካከለ በኋላ፣ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ውፍረታቸው በተጻፈባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች መጀመሪያ ከታች ባልተበላው፣ ቀጥሎ ከላይ በተበላው ቦታ ይለካል። ልዩነቱ ለ3.14 ሲካፈል የዲያሜትሩን መስፋት ይሰጣል፤ 0.6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ሲሊንደሩ ወደ 0.19 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል ማለት ነው።

ስፋቱ አምራቹ ከፈቀደው ወሰን ካለፈ ፋሻ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። የዲ-240 ሲሊንደር ግን ውጫዊ ገጹን የማቀዝቀዣ ውሃ የሚያገኘው ተነቃይ ቱቦ፣ ማለትም ላይነር ስለሆነ፣ የሞተሩ አካል ቶርኖ ቤት ሳይሄድ በአዲስ ይተካል፤ ንድፉን ያወጡት መሐንዲሶች ከከተማ ርቆ የሚሠራውን መካኒክ ያሰቡለት ይመስላል። ይህን ሁሉ አድርጎ ውሃውን ከታች የሚያግዱትን የጎማ ቀለበቶች «ደህና ናቸው» ብሎ መልሶ መግጠም ግን ከቁጠባ አይቆጠርም። ውሃው ወደ ዘይት ቋቱ ሲሰርግ ዘይቱ ወተት መስሎ ይነጣል፣ ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚኖችም ይበላሉ።

አሮጌው ላይነር በወሰኑ ውስጥ ሆኖ ከቀረ፣ አዲሱ ፋሻ እንዲላመድ ግድግዳው በሞረድ ድንጋይ በስሱ ይሻከራል። እዚህ ላይ የሚቀረው ዱቄት በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ሲጠረግ ወደ ጭረቶቹ ይበልጥ ስለሚገባ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ነጭ ጨርቅ ሲታለፍበት ጨርቁ እስኪነጣ ድረስ ተደጋግሞ፣ ወዲያውም ዘይት ሊቀባ ይገባል። ሥራው ከጉልበትና ከትዕግሥት በቀር ወጪ የለውም፤ የሚዘለለውም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ስለማይታይ ሳይሆን አይቀርም።

የሞተሩ ቀድሞ መበላት መንስኤ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ውጭ ይገኛል። አየሩን በዘይት ውስጥ አሳልፎ የሚያጠራው ፊልትሮ ዘይቱ ከጎደለ፣ ወይም ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚወስደው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ሳለ በሽቦ ታስሮ ከተመለሰ፣ የማሳው አቧራ በአዲሱ ፋሻና በአዲሱ ላይነር መካከል እንደ ሞረድ ዱቄት ይሠራል።