ሆስፒታል መምራትም ሙያ ነው

«የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ ምን ይጠቅመኛል?» ለምትሉኝ፣ ባጭሩ።

ጠዋት ልደታ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቅ በሉ። የካርድ ክፍል ሰልፍ፣ የአልጋ ወረፋ፣ የመድኃኒት አቅርቦት፦ እነዚህን የሚፈታው ጎበዝ ሐኪም ብቻ አይደለም፤ ጎበዝ አስተዳዳሪም ያስፈልጋል።

በ2006 እ.ኤ.አ. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዬል ዩኒቨርሲቲና ከክሊንተን ፋውንዴሽን ጋር የሆስፒታሎችን አመራር ማሻሻል ጀመረ። ከዚያም በ2008 እ.ኤ.አ. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን ከፈተ። ተማሪዎቹ ሥራ ላይ ያሉ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ስለነበሩ፣ ክፍል የተማሩትን በየሆስፒታላቸው ይሞክሩት ነበር።

✅ የሚሰጠው፦ ፋይናንስ፣ የሰው ኃይል፣ የጥራት ማሻሻያ፣ የመረጃ አጠቃቀም።

ምክሬ፦ መጀመሪያ የፕሮግራሙን ዕውቅና አጣሩ። ቀጥሎም ከሥራ ቦታችሁ አንድ ችግር ይዛችሁ ግቡ፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ እሱ ይሁን።