«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ሲባል

በበርካታ መደብሮች «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ይነበባል። ማስታወቂያው ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በሕግ የተሰጠውን መብት አያስቀርም። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ሸማቹ ከገዛበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ሻጩ የሰጠው ዋስትና፣ ለምሳሌ ለማቀዝቀዣ የአንድ ዓመት፣ ለሸማቹ የተሻለ ጥቅም የሚያስገኝ ከሆነ በዚያው መጠቀም ይቻላል። በዋስትና ወረቀቱ ላይ የዕቃው መለያ ቁጥር፣ የተሸጠበት ቀንና ማኅተም መኖራቸው ከመደብሩ ሳይወጡ ሊረጋገጥ ይገባል።

ተጨማሪ እሴት ታክስ ላለመክፈል ሲባል ያለ ደረሰኝ በቅናሽ የሚገዙ አሉ፤ ድርጊቱ ከሕገ ወጥነቱ ባሻገር የግዢውን ማስረጃ ያሳጣል። ቴሌቪዥኑ በሳምንቱ ቢበላሽ ሻጩ «ከእኔ አልተገዛም» ለማለት አይቸገርም።