ከባንኮኒው ጀርባ ሸዕባን

ረመዳን መቃረቡን የሚነግረኝ ጥቁር ፌስታል ነው። ከእሱ በፊት ያለው ወር ሸዕባን ሲጋመስ ባንኮኒዬ ላይ ፌስታላቸውን የሚዘረግፉ ሰዎች ይበዛሉ። የግፊት ኪኒን፣ የስኳር ኪኒን፣ ግማሹ የተዋጠ የጨጓራ ካፕሱል፣ ጊዜው ዓምና ያለፈ የዓይን ጠብታ፣ አንዳንዴም ከየት እንደገባ የማይታወቅ የልብስ ቁልፍ ይወጣል። ከዚያ ያቺ የማትቀር ጥያቄ ትመጣለች፦ «ልጄ፣ ይኼ ጾም ያፈርሳል?»

ደሴ ውስጥ በፋርማሲስትነት ስሠራ 14 ዓመት ሆኖኛል። ይህችን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማለሁ፤ ሁለት ጥያቄ እንደሆነች የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። አንደኛው ጥያቄ ስለ መድኃኒቱ ነው፤ እሱ ቀላሉ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ተሰብስቦ የዓይን ጠብታ፣ ለምግብነት ያልሆነ መርፌ፣ ለምርመራ የሚቀዳ ደም ጾም እንደማያፈርሱ ወስኗል። ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ኪኒንም ወደ ጉሮሮ የሚወርደው እስካልተዋጠ ድረስ እንደዚያው ነው። ጣትን ወግቶ ስኳርን መለካትም ያው ነው ስላቸው ብዙዎቹ እፎይ ይላሉ። ጾማችን ይበላሻል ብለው ወሩን ሙሉ ሳይለኩ የሚከርሙ ስንት አሉ!

ሁለተኛው ጥያቄ በአፍ አይወጣም። «ዘንድሮም ከሰው እኩል እጾማለሁ ወይስ ከወሩ ውጭ ልቀር ነው?» የሚል ነው። እኔ ይህንን መስማት የተማርኩት ሰው ከጎዳሁ በኋላ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሸህ መጡ። ስኳር አለባቸው፤ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ከኋላቸው ወረፋው በሩን አልፎ ወጥቷል። ቀና እንኳ ሳልል «አባባ፣ ስኳር ያለበት ሰው አይጾምም» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ አላህ ይስጥልኝ» ብለው ፌስታላቸውን ሰብስበው ሄዱ። የተቀበሉኝ መስሎኝ ነበር።

ረመዳን በገባ በአምስተኛው ቀን ልጃቸው መጣ። ከአስር ሶላት በኋላ ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው ተንቀጥቅጦ፣ ንግግራቸው ተምታቶ ሆስፒታል ገብተው ግሉኮስ ተሰጥቷቸው ነው የተረፉት። ለካስ ሁልጊዜ ጠዋት የሚውጧትን ኪኒን ወደ ሱሁር አዛውረዋታል፤ በሁለት ፍሬ ተምርና በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይውጧታል። ይህች ኪኒን ደግሞ ምግብ ኖረ አልኖረ ቆሽትን እየቀሰቀሰች ስኳርን ወደ ታች የምታወርድ ናት። «ለምን አልጠየቁም?» አልኩት ልጁን። ምን እንደመለሰልኝ አላስታውስም። መልሱን ግን አውቀው ነበር፤ ጠይቀዋል፣ እኔ ነኝ የዘጋሁባቸው።

ሲሻላቸው ራሳቸው መጡና በቀስታ «ልጄ፣ አትጹም አልሽኝ፤ ምን ላድርግ የሚለውን ግን አልነገርሽኝም» አሉኝ።

ያልኩት ነገር በሙያውም ስህተት ነበር። ስኳር ያለበት ሁሉ አይጾምም የሚል ደንብ የለም። በሜትፎርሚን ብቻ ስኳሩ የተስተካከለለት ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ሊጾም ይችል ይሆናል። ኢንሱሊን የሚወስድ የአንደኛው ዓይነት ታማሚ፣ ኩላሊቱ የተጎዳ፣ በቅርቡ ስኳሩ ወርዶ ራሱን የሳተ፣ ስኳር ያለባት ነፍሰ ጡር ደግሞ አደጋቸው ከባድ ነው። ይህን ለመለየት ዓለም አቀፉ መመሪያ ታማሚው ረመዳን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ ይላል፤ ይህ በሂጅራ አቆጣጠር ረጀብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች የተካሄደ ትልቅ ጥናት ላይ ከሁለተኛው ዓይነት ስኳር ታማሚዎች 79 በመቶ ያህሉ ቢያንስ 15 ቀን ጾመው ተገኝተዋል። ከእነዚህ ውስጥ እንደ እኔ ያለ ችኩል ባለሙያ «አይጾምም» ያላቸው ስንቶቹ ይሆኑ እያልኩ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት የመጀመሪያው ነገር ቁርኣን ከፍቼ የጾም አንቀጾችን እንደገና ማንበብ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቃቸው ናቸው፤ ባለሙያ ሆኜ ግን አንብቤያቸው አላውቅም ነበር። ሱረቱል በቀራ ውስጥ ከ183 እስከ 185 ያሉት ናቸው። ጾሙ ግዴታ የተደረገበትና ሕመምተኛው የተፈቀደለት ቦታ አንድ ነው። የሕመምተኛውና የመንገደኛው ፈቃድ በ184ኛው ተነግሮ በ185ኛው ተደግሟል፤ የተፈለገው ነገሩ እንዲቀል መሆኑም እዚያው አለ። እኔ ሸህዬን ከወሩ ያባረርኳቸው ያህል ተሰምቷቸው ሄዱ፤ አንቀጹ ግን ታማሚውን ወሩ ውስጥ አስቀምጦት ነበር።

ፈትዋ አልሰጥም፤ ይህንን ለራሴም ለሰዎቹም ደጋግሜ እናገራለሁ። አሁን ሐኪሙ መጾም አይችሉም ያላቸውን ሰዎች «ወደ ኢማምዎ ይሂዱ፣ ፊድያ ነው ወይስ ቀዷ እሳቸው ይንገሩዎት» እላለሁ። ሕመሙ የሚድን ከሆነ በሌላ ቀን ይከፈላል፣ ይህ ቀዷ ነው፤ የማይድን ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ይመገባል፣ ይህ ፊድያ ነው። ሸህዬ በሚቀጥለው ዓመት የመጡት በረጀብ ነው። ሐኪሙ አይሆንም አላቸው። አኮረፉ። ሦስት ሳምንት ያህል ባንኮኒዬ አጠገብ አልደረሱም። በኋላ ሲመጡ ከሰፈራቸው ሦስት ችግረኛ ቤቶች መርጠው፣ ለወሩ የሚሆን እህል በሸዕባን አስፈጭተው ጨርሰዋል። ወሩ ሲገባ ደግሞ የሰፈሩ የሱሁር ቀስቃሽ ሆኑ። ሌሊት 10 ሰዓት ሲሆን ከዘራቸውን ይዘው በየበሩ ይቆረቁራሉ። ራሳቸው የማይጾሙት ሰው ስንቱን አስነስተው አስጾሙ። በየቀኑ አንድ ጁዝእ ቁርኣን ይቀሩ ነበር፤ እስከ ዒድ ሠላሳውን ጨረሱ። ጾመኛ እንዳልነበሩ የምናውቀው ቤተሰባቸው፣ ሐኪማቸውና እኔ ብቻ ነን። ቀን ላይ ኪኒናቸውን ለመዋጥ ጓዳ ይገቡ ነበር።

ሰው ለረመዳን መንፈሳዊ ዝግጅት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚያስበው ቁርኣን ማብዛትን፣ ሰኞና ሐሙስ መጾምን፣ ሌሊት መቆምን ነው። እሱ አለ፤ ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከረመዳን ሌላ እንደ ሸዕባን አብዝተው የጾሙት ወር እንደሌለ ተዘግቧል። ከሁሉ የሚከብደውን ዝግጅት ያየሁት ግን እኚህ ሰው ላይ ነው። ስድሳ ዓመት ያህል የጾመ ሰው ጾሙን ለሰጠው ጌታ መልሶ ማስረከብ አለበት። ረሃቡን መቻል ለምደውታል። መብላቱን መቻል ግን አዲስ ነበር።

ከባንኮኒው ጀርባ የሚታየው ሌላው ነገር ድርድር ነው። በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ችግር የለውም፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ማታ ይዛወራል። ሁለቴ የሚወሰደው በኢፍጣርና በሱሁር ሊገጥም ይችላል። በየ8 ሰዓቱ የተባለ ጊዜ ነው ጉዱ፤ ደሴ ላይ ከመግሪብ እስከ ፈጅር ያለው ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ሦስት ጊዜ አይገባበትም። «ሁለቱን አንዴ ብውጠውስ?» ይሉኛል። አይሆንም። «እሺ የቀኑን ባልፈውስ?» እሱም አይሆንም። ሐኪሙ በቀን አንዴ ወደሚወሰድ ሊቀይረው ይችላል፤ ለዚህ ግን ቀጠሮ ያስፈልጋል፣ ቀጠሮ ደግሞ በረመዳን ዋዜማ አይገኝም።

ቡናውንም ልንገራችሁ፣ ወሎ ነንና። የረመዳን የመጀመሪያዎቹ ቀናት የራስ ምታት ኪኒን እንደ ጉድ ይሸጣል፤ ገዢዎቹ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠዋትና ከሰዓት ሲጠጡ ከርመው በአንድ ሌሊት ያቆሙ ናቸው። ምክሬ አንድ ነው፤ በሸዕባን የመጀመሪያ ሳምንት የከሰዓቱን ቡና ተዉ፣ በሚቀጥለው ከጠዋቱ በረካውን፣ ከዚያ ቶናውን። አንዲት እናት «አንቺ፣ በረካውን ተዪ ማለት ጎረቤቴን ተዪ ማለት ነው» ብለው ገላመጡኝ። እውነታቸውን ነው። ሆኖም ከሳምንት በኋላ ተመልሰው የነገሩኝ ነገር ገርሞኛል። በረካውን ሲተዉት አብሮት ይወራ የነበረው ሐሜትም እንደቀነሰ ነገሩኝ፤ ሰው የሚታማው ለካ በሦስተኛው ሲኒ ላይ ነው።

ሴቶች ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ደግሞ በሹክሹክታ ነው። የወር አበባ የሚያዘገይ ኪኒን ይፈልጋሉ፤ ወሩን ሳይቆራረጥ መጾም ያምራቸዋል። ታጠቢያለሽ ወይ፣ የደም መርጋት ነበረብሽ ወይ፣ የጉበት ሕመም አለብሽ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ፣ ሐኪም ሳያያት አልሰጥም። ጉዳት እስከሌለው ድረስ የፈቀዱት ዑለማዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ሳልጠየቅም ቢሆን ሐሳቤን እሰነዝራለሁ። እነዚያን ቀናት ያነሣልሽ ጾሙን ያዘዘሽ ራሱ አይደለም ወይ? አንዷ ወጣት ዓምና «እህቴ፣ ለይለተል ቀድር እንዳያልፈኝ ነው» ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። ዱዓውና ዚክሩ መች ተከለከለሽ አልኳት። ኪኒኑን ሳትገዛ ሄደች። ይጸጽታት፣ አይጸጽታት አላወቅሁም።

ሰውን ቀድማችሁ ተዘጋጁ የምለው እኔ ደግሞ በየዓመቱ ዕዳዬን የምከፍለው በሸዕባን ነው። ዘንድሮም ያለብኝ ቀዷ ሰባት ቀን ነው። ባንኮኒው ጋ ቆሜ ስጾም የሥራ ባልደረባዬ «አሁን ደግሞ የምኑ ጾም ነው?» ትለኛለች፤ እስቃለሁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የረመዳን ቀዷዋን ከሸዕባን በፊት ለመክፈል ሳይመቻት ይቀር እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ይህ ያጽናናኛል። ሰበብ እንዳላደርገው ደግሞ እፈራለሁ።

ባልደረባዬ ኦርቶዶክስ ናት። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገብቶ ረመዳን የካቲት 22 ተከተለው፤ የዚያን ጊዜ ፌስታሉ ከሁለቱም ወገን መጣ። እሷ ጋ ያሉት እናቶች «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ እንዴት ልዋጠው?» ይላሉ፣ እኔ ጋ ያሉት «እስከ መግሪብ»። እርስ በርስ እየተያየን ተመሳሳዩን ነገር ስንናገር ዋልን።

ከዝግጅቶቹ ሁሉ በድንገት የያዘኝ ግን ገንዘብ ነው። አንድ ሰው በዱቤ የወሰደውን የ340 ብር መድኃኒት ከሁለት ዓመት በኋላ በሸዕባን መጨረሻ ይዞ መጣ። እኔ ከመዝገቡ ሰርዤው ረስቼዋለሁ። «ሐቅሽን ይዤ ረመዳን አልገባም፤ ስላቆየሁት ደግሞ አፉ በይኝ» አለ። ብሩን ቆጥሬ ተቀበልኩትና የሸዋ በር መስጂድ የመግሪብ አዛን ሲል ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ቀረሁ። እኔስ የማን ሐቅ አለብኝ?

በማግስቱ ሸህዬ ቤት ሄድኩ። ከዚያች ቀን ሦስት ዓመት አልፎ ነበር፤ አንድም ቀን አፉ በሉኝ ብያቸው አላውቅም። ቡና ቀረበ፣ አቦሉን ብቻ ጠጣሁ። ስነግራቸው ሳቁ። «አፉ ብያለሁ ልጄ፤ ያኔውኑ ብያለሁ። ወረፋው ቢረዝምም ቀና በይ ብቻ» አሉኝ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህንን ነው። መድኃኒት የሚወስድ እናት፣ አባት፣ አያት ቤታችሁ ካለ ፌስታሉን በረጀብ ይዛችሁ ኑ፤ ከዘገየም በሸዕባን የመጀመሪያ ሳምንት። የቀረውንም፣ ያለፈበትንም፣ ከጎረቤት የተዋሱትንም አንድም ሳታስቀሩ አምጡ። በጾም ላይ ሳላችሁ ስኳራችሁ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ አዛን ሊል አሥር ደቂቃ ቢቀረውም አፍጥሩ። እኛ ጋ ደርሳችሁ ወረፋ ካገኛችሁ አትመለሱ፤ ቁጭ በሉና ጠብቁኝ።